ወተቱ ገነፈለ?

(አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የወዳጆች ምሽት ላይ ያደረግኩት ንግግር ነው። እንደተናገርኩት ለመጻፍ ሞክሬያለሁ።)

እንደምን አመሻችሁ! እንኳን በሰላም መጣችሁ። ከኋላ የቆማችሁ፣ እዚህ ፊት ላይ ቦታ አለ። ኑ ቁጭ በሉ። እናቶችና አባቶች፣ እህቶችና ወንድሞች፣ ስለጋበዛችሁኝ ከልቤ አመሰግናለሁ።

ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ልጅ ሆናችሁ «ወተቱን ጠብቅ»፣ «ወተቱን ጠብቂ» የተባላችሁ እስቲ እጃችሁን አውጡ።

አያችሁ? ሁላችንም ነን። እናታችን ወተቱን ትጥድና ወደ ጓዳ ትገባለች። እኛ ለአፍታ ዞር ካልን አለቀልን። ወተት ደግሞ ሰው ዞር ሲልለት ነው የሚገነፍለው። ከዚያ ምድጃው ይጨቀያል፣ ቤቱ ይሸታል፣ ቁጣውም ይከተላል።

አሁን ደግሞ ሌላ አገር አስቡልኝ። በዚያ አገር በዓመት አንድ ቀን ቤተሰቡ በሙሉ ገላውን ታጥቦ፣ አዲስ ልብስ ለብሶ፣ ገና በጠዋቱ አንድ ድስት ወተት ከብቦ ይቆማል። ሁሉም ዓይኑን ድስቱ ላይ ተክሎ ይጠብቃል። ወተቱ እንዳይገነፍል ይመስላችኋል? አይደለም። እንዲገነፍል ነው! ሲገነፍል እልል ይባላል። ልጆች ይጨፍራሉ። ጎረቤት ለጎረቤት ይጯጯሃል።

ዛሬ ስለዚህ በዓል ልነግራችሁ ነው የቆምኩት። ስሙ ፖንጋል ነው። የታሚሎች የመኸር በዓል ነው። ፖንጋል በታሚልኛ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ? መገንፈል፣ ግንፈላ ማለት ነው። የበዓሉም ስም፣ በዕለቱ የሚበስለውም ምግብ ስም ይኸው ነው።

ታሚሎች እነማን ናቸው? አብዛኞቹ ደቡብ ህንድ፣ ታሚል ናዱ በሚባለው ክልል ይኖራሉ። በ2011 እ.ኤ.አ. ቆጠራ የክልሉ ሕዝብ 72 ሚሊዮን ነበር። በስሪላንካም፣ በማሌዥያም፣ በሲንጋፖርም ብዙ ናቸው። ቋንቋቸው ከ2000 ዓመት በላይ የተጻፈ ሥነ ጽሑፍ አለው። በዚህ በጣም ይኮራሉ፤ መኩራትም ያምርባቸዋል።

እኔ ከ2015 እስከ 2017 እ.ኤ.አ. ለትምህርት እዚያ ነበርኩ። የኖርኩት ታንጃቩር በምትባል ከተማ ነው። ፖንጋልን ሁለት ጊዜ አክብሬያለሁ። የመጀመሪያው በጥጋብ ዓመት ነበር፣ ሁለተኛው በድርቅ ዓመት። ስለ ሦስት ነገር ነው የምነግራችሁ፦ ስለ ድስቱ፣ ስለ በሬው፣ በመጨረሻም ስለዚያ የድርቅ ዓመት። በመሃል ወጣ ገባ ካልኩ ታገሱኝ።

መጀመሪያ ጊዜው። ፖንጋል የሚውለው በጃንዋሪ 14 ወይም 15 ነው። በኛ ጥር 6 አካባቢ መሆኑ ነው። እኛ ለጥምቀት ልብስ ስናዘጋጅ እነሱ ድስት ያዘጋጃሉ። ቀኑ «ታይ» የሚሉት ወራቸው የመጀመሪያ ቀን ነው። በነሱ አቆጣጠር ፀሐይ ወደ ሰሜን ጉዞዋን የምትጀምርበት ነው። ሩዙም የሚደርሰው በዚሁ ጊዜ ነው። በኦገስት አካባቢ ይዘሩታል። ከኦክቶበር እስከ ዲሴምበር የሰሜን ምሥራቁ ዝናብ ይወርድለታል። በጃንዋሪ ይታጨዳል።

አንድ ተረት አላቸው፦ «ታይ ሲወለድ መንገድ ይወለዳል»። ከዚያ በፊት ባለው ወር ሰርግ አይደገስም። ታይ ሲገባ የሰርግ ድንኳን በየሰፈሩ ይተከላል። እኛስ? የኛም ሰርግ ጥር ላይ አይደል እንዴ የሚበዛው? መኸሩ ገብቶ፣ ጎተራው ሞልቶ፣ ሰው እፎይ ሲል ነው ልጅ የሚዳረው። ይህን ማንም ለማንም አላስተማረውም። እህል ነው ለሁለታችንም ያስተማረን።

በዓሉ አራት ቀን ነው። የመጀመሪያው ቀን ቦጊ ይባላል። ቤት ይጠረጋል፣ ግድግዳ ይቀባል። ያረጀ ምንጣፍ፣ የተቀደደ ሰሌን፣ የማይረባ ነገር ሁሉ ገና ሳይነጋ ደጅ ላይ ይቃጠላል። ድሮ የሚቃጠለው ገለባና ሰሌን ነበር። አሁን ከተማ ውስጥ ጎማና ፕላስቲክ የሚጨምሩ ሰዎች መጡ። የክልሉ ዋና ከተማ ቼናይ በዚያ ጠዋት በጭስ ታፍና አውሮፕላን የዘገየበት ጊዜ አለ። መንግሥት በየዓመቱ «ጎማ አታቃጥሉ» እያለ ይለምናል። ይህ ያሳዝነኛል። ቤትን ለማጽዳት የተጀመረ ነገር አየሩን ማቆሸሽ አልነበረበትም።

አሁን ወደ ሁለተኛው ቀን፣ ወደ ድስቱ ልምጣ። ብዙ የምቆየው እዚህ ላይ ነው።

የተከራየሁባት ቤት ባለቤት አንዲት እናት ነበረች። ልጆቿ አድገው ወጥተዋል። «አማ» ነበር የምላት። በታሚልኛ አማ እናት ማለት ነው። እሷ ደግሞ «ታምቢ» ትለኝ ነበር፤ ታናሽ ወንድሜ እንደማለት ነው። ለታላቅ ወንድ ሲሆን በአክብሮት «አያ» ይባላል። አዎ፣ አያ! ልክ እንደ ገጠሩ አማርኛችን። መጀመሪያ ስሰማው አገሬ የገባሁ ነው የመሰለኝ።

አማ በየጠዋቱ ከጎህ በፊት ትነሳለች። ደጇን ትጠርጋለች፣ ውሃ ትረጫለች። ከዚያ በሁለት ጣቷ የሩዝ ዱቄት ቆንጠር አድርጋ ጎንበስ ትልና መሬቱ ላይ መስመር ትጀምራለች። መጀመሪያ ነጠብጣብ ነው። ቀጥላ ነጠብጣቡን በመስመር ትጠመጥመዋለች። እጇ አያመነታም። በአሥር ደቂቃ ውስጥ በሩ ላይ ነጭ ጥልፍ ይዘረጋል። ኮላም ይባላል። የኛ የቀሚስ ጥለት መሬት ላይ የወረደ ነው የሚመስለው።

አንድ ቀን ላየው ስወጣ ጉንዳኖች ተሰልፈው ዱቄቱን ይለቅማሉ። «አማ፣ ጉንዳን እያበላሸብሽ ነው» አልኳት። ገርሟት አየችኝ። «ለነሱ እኮ ነው» አለችኝ። ሰው ቁርሱን ሳይበላ ጉንዳንና ወፍ ቁርሳቸውን ይብሉ ተብሎ ነው በሩዝ ዱቄት የሚሠራው። ዛሬ በድንጋይ ዱቄት የሚሠሩት ብዙ ናቸው፤ እሱን ጉንዳን አይበላውም። አማ ግን ሩዙን አልተወችም። የፖንጋል ዕለት ኮላሙ ከሁሉም ቀን ይበልጣል። ቀለም ይገባበታል። በመሃሉ የገነፈለ ድስት ይሳልበታል።

ያ ጠዋት መጣ። በ2016 ጃንዋሪ 15 ነበር። አማ በግቢው መሃል ሦስት ጡብ ጎለተች። ጉልቻ ማለት ነው። ሁለት ረጃጅም ሸንኮራ አገዳ ከነቅጠላቸው አቁማ ጫፋቸውን አሰረቻቸው፤ ልክ እንደ በር። ድስቱ አዲስ የሸክላ ድስት ነው። አንገቱ ላይ እርድ ታስሮበታል። ዱቄቱ አይደለም፤ ከነሥሩ ከነቅጠሉ ከአፈር የተነቀለው ተክል ነው። እኔ እርድ በዱቄት እንጂ በቅጠሉ አይቼ አላውቅም ነበር። ሽታው እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ላይ አለ።

ወተቱ ተጣደ። እሳቱ ከሥሩ ነደደ። ሁላችንም ፊታችንን ወደ ፀሐይ አዙረን ቆምን።

ወተቱ መነሳት ጀመረ። ነጩ አረፋ ወደ ድስቱ አፍ ወጣ። እኔ ሳላስበው ጨርቅ አነሳሁና ድስቱን ከእሳቱ ላይ ብድግ አደረግኩት! እጄ ነው ያደረገው። የእናቴ ወተት ጠባቂ ነኛ! አረፋው ተኛ።

ግቢው ዝም አለ። ጎረቤቶች፣ የጎረቤት ልጆች፣ ሁሉም እኔን ያያሉ። ምን እንዳጠፋሁ አልገባኝም። አማ ቀስ ብላ መጣች። ድስቱን ከእጄ ተቀብላ መልሳ ጣደችው። ከዚያ እጄን ያዘችና «ታምቢ፣ ዛሬ ተወው ይፍሰስ» አለችኝ።

ተወው ይፍሰስ! እኔ ያደግኩበት ቤት እንዲህ ያለ ቃል ተነግሮ አያውቅም። የኛ ቤት ቃል «እንዳይፈስ» ነው። ያለን ትንሽ ነው፣ ተጠንቀቅ፣ ቆጥብ፣ ጠብቅ። አማም እኮ ሀብታም አልነበረችም። ዓመቱን ሙሉ ወተት በሲኒ ለክታ የምትቀዳ ሴት ነበረች። ያን ቀን ግን ወተቱ በሸክላው ጎን እየተንቆረቆረ ወረደ። እሳቱ ላይ ሲደርስ ጢስ አለ። ሁሉም በአንድ ድምፅ «ፖንጋሎ ፖንጋል!» ብለው ጮኹ። አብሬ ጮኽኩ። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ አለቀስኩ።

ወተቱ በየትኛው አቅጣጫ መጀመሪያ እንደፈሰሰም ይታያል። በምሥራቅ በኩል ከሆነ ዓመቱ መልካም ነው ይባላል። ከዚያ አዲሱ ሩዝ ይገባበታል። ቬላም ይጨመራል፤ ይህ ከሸንኮራ አገዳ ጭማቂ ተፈልቶ የጠጠረ ቡናማ ስኳር ነው። የተነጠረ ቅቤ፣ ሄል፣ በቅቤ የተጠበሰ ካሹና ዘቢብ ይከተላሉ። ሲበስል መጀመሪያ በሙዝ ቅጠል ላይ ለፀሐይ ይቀርባል። ሰው የሚበላው ከዚያ በኋላ ነው። ጣፋጭ ነው፣ ለስላሳ ነው፣ ከበድ ያለ ነው። አራስ ቤት የቀረበ የቅቤ ገንፎ ነው ትዝ ያለኝ።

የዚያን ቀን ሰው ሲገናኝ ምን እንደሚባባል ታውቃላችሁ? «ፓል ፖንጊቻ?» ይባላል። «ወተቱ ገነፈለ?» ማለት ነው። በስልክም እንደዚያው ነው። ከሌላ አገር የደወለ ልጅ ለእናቱ የሚያቀርበው የመጀመሪያ ጥያቄ ይኸው ነው። እስቲ አስቡት፤ ሰው ሰውን «ሞልቶ ፈሰሰልህ ወይ?» ብሎ ሲጠይቀው!

አንድ ነገር ልጨምርና ልለፈው። በዓሉ መሠረቱ ሂንዱ ነው፤ ዋናው ምስጋናም ለፀሐይ ነው። ሆኖም እህል የሁሉም ነውና ክርስቲያን ታሚሎችም በየቤተ ክርስቲያናቸው ግቢ ድስት ጥደው ሲያገነፍሉ አይቻለሁ።

ሁለተኛው ነገር በሬው ነው።

ሦስተኛው ቀን ማቱ ፖንጋል ይባላል፤ የከብቶች ፖንጋል ማለት ነው። ለዚህ ቀን አማ ወደ ወንድሟ መንደር ወሰደችኝ። ከታንጃቩር ወጣ ብሎ በካቬሪ ወንዝ አካባቢ ነው። ወንድሟን «አያ» እለው ነበር። ገበሬ ነው። እጁ እንደ ቆዳ የጠነከረ፣ ንግግሩ ቁጥብ ሰው ነው።

አያ ሁለት በሬዎቹን ወደ ውሃው አወረዳቸው። በገለባ እየፈተገ አጠባቸው። ጀርባቸውን፣ ብብታቸውን፣ ጆሯቸውን ሳይቀር። ከዚያ ቀንዳቸውን ቀባ። አንዱን ቀንድ ሰማያዊ፣ አንዱን ቀይ። አንገታቸው ላይ አዲስ ቃጭልና የአበባ ጉንጉን አሰረ። ግንባራቸው ላይ እርድና ቀይ ዱቄት ቀባ። በመጨረሻም ከገነፈለው ድስት በቅጠል ቆርሶ በእጁ አጎረሳቸው። አጎረሳቸው ነው የምላችሁ! ጉርሻ ለበሬ።

እኔ የገበሬ የልጅ ልጅ ነኝ። አያቴ በሬውን በስም ይጠራው ነበር። እያረሰ ያንጎራጉርለት ነበር። በሬው የሞተበት ቀን እህል አልቀመሰም ይባላል። ግን ለበሬ የተለየ በዓል ሲደረግ አላየሁም። እና እዚያ ቆሜ አያቴን አሰብኩት። ቢያይ ምን ይል ነበር?

ታሚሎች ስለዚህ ቀን የሚያወሩት ተረት አለ። ሺቫ የተባለው አምላካቸው ናንዲ የሚባለውን በሬውን ወደ ምድር ይልከዋል። መልእክቱ «ሰዎች በየቀኑ ገላቸውን በዘይት ታሽተው ይታጠቡ፣ በወር አንድ ቀን ይብሉ» የሚል ነበር። ናንዲ ተሳሳተና ገልብጦ ተናገረ፤ «በየቀኑ ብሉ፣ በወር አንድ ቀን በዘይት ታጠቡ»። ሺቫ ተቆጣ። «በየቀኑ የሚበላ ሰው ብዙ እህል ይፈልጋል። እንግዲህ አንተው ወርደህ አብረሃቸው እረስ» አለው። በሬ ከሰው ጋር የሚያርሰው ከዚያ ወዲህ ነው ይላሉ። ታንጃቩር ውስጥ ቾላ የሚባሉት ነገሥታት በ1010 እ.ኤ.አ. ያጠናቀቁት ታላቅ ቤተ መቅደስ አለ። በሩ ላይ ከአንድ ድንጋይ የተፈለፈለ ግዙፍ ናንዲ ተኝቷል። በዚህ በዓል ሰሞን ያ የድንጋይ በሬ በአትክልትና በፍራፍሬ ይሸፈናል። ቲማቲም፣ ዱባ፣ ሙዝ፣ ጎመን ተሰፍቶ እንደ ልብስ ይለብሳል።

ስለ በሬ ካነሳሁ ጃሊካቱ የሚባለውን የበሬ ጨዋታ መዝለል አልችልም። ማዱራይ አካባቢ እንደ አላንጋናሉር ባሉ መንደሮች በፖንጋል ሰሞን በሬ ይለቀቃል፤ ወጣቶች ሻኛውን አቅፈው ለመቆየት ይሞክራሉ። መጀመሪያ የሚወጣው የቤተ መቅደሱ በሬ ነው፤ እሱን ማንም አይነካውም። የህንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2014 እ.ኤ.አ. በእንስሳት ላይ የሚደርስ ጭካኔ ነው ብሎ ከለከለው። በጃንዋሪ 2017 በሺህ የሚቆጠሩ ወጣቶች ቼናይ ባሕር ዳርቻ ላይ ለቀናት ተቀምጠው ተቃወሙ። ክልሉ ሕጉን አሻሻለ። በ2023 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም የተሻሻለውን ሕግ አጸና። የኔን ሐሳብ ከጠየቃችሁኝ፣ ሰውም በሬም የሚጎዳበት ጨዋታ ልቤን አያሞቀውም። የገበሬዎቹን ክርክር ግን ሰምቻለሁ። «ይህ ጨዋታ ከቀረ የአገራችንን ኮርማ ማን ያረባዋል? ሁሉም ወደ ትራክተርና ወደ ፈረንጅ ከብት ይሄዳል» ይላሉ። ይህ ስጋት እውነተኛ ነው፤ እኛም አገር አለ። ለኔ ግን የበሬው ቀን ማለት አያ በገለባ ሲያጥብ ያየሁት ነው።

አራተኛው ቀን ካኑም ፖንጋል ይባላል፤ የመተያያ ቀን ነው። ዘመድ ዘመዱን ይጠይቃል፣ ቤተሰብ ምግብ ቋጥሮ ወደ ወንዝ ዳር ወይም ወደ ባሕር ይወጣል። ደስ የሚል ቀን ነው።

ሦስተኛውና የመጨረሻው ነገሬ ሁለተኛው ዓመት ነው።

በ2016 መጨረሻ የሰሜን ምሥራቁ ዝናብ ቀረ። ከመደበኛው ግማሽ እንኳ አልሞላም። የካቬሪ ውሃ ጉዳይ ደግሞ የቆየ ቁስል ነው። ወንዙ የሚመጣው ከላይ ካለው ከካርናታካ ክልል ነው፤ ሁለቱ ክልሎች በውሃው ከመቶ ዓመት በላይ ተካሰዋል። በልማዱ ሜቱር የሚባለው ግድብ በጁን 12 ለገበሬው ይከፈታል። ያን ዓመት በቀኑ አልተከፈተም። በጃንዋሪ 2017 የታሚል ናዱ መንግሥት ክልሉ በሙሉ ድርቅ እንደመታው አወጀ። አዋጁ የወጣው ከፖንጋል አራት ቀን በፊት ነበር።

እኔ በዓሉ የሚቀር መስሎኝ ነበር። መኸር ሳይኖር የመኸር በዓል ምን ያደርጋል? አማ ግን ዕቃዋን ሸከፈች። «አያ ጋ እንሄዳለን» አለችኝ።

ሄድን። ባለፈው ዓመት ሩዙ እስከ ወገቤ ይደርስ የነበረው ማሳ ተሰነጣጥቋል። ስንጥቁ እጅ ያስገባል፤ አስገብቼ አይቼዋለሁ። መሬት ሳይኖራቸው በቀን ሥራ የሚያጭዱት ሰዎች ሰፈር ጭር ብሏል። ብዙዎቹ ሥራ ፍለጋ ወደ ከተማ ሄደዋል። በድርቅ መጀመሪያ የሚራበው መሬቱ የሌላው ሰው ነው። ይህን እኛም እናውቀዋለን።

አያ ግቢ ውስጥ ጉልቻው ተጎልቷል። ሸንኮራ አገዳው አንድ ነጠላ ነው። ሩዙ ከሱቅ የተገዛ ነው። የገበሬ ቤት ለፖንጋል ሩዝ ከሱቅ ሲገዛ ምን ማለት እንደሆነ ይገባችኋል? ዘር ከጎረቤት እንደመለመን ነው።

አልቻልኩም፣ ጠየቅኩት። «አያ፣ ምን ታጭዶ ነው?» አልኩት። አማ ቆጣ ብላ አየችኝ። እሱ ግን አልተቀየመም። እንጨቱን እየቆሰቆሰ መለሰልኝ። «ፀሐይ ወጥታለች። በሬዎቹ አሉ። የቀረው ዝናብ ነው። ስለቀረው ብዬ የመጡትን ላላመሰግን ነው?»

እህቶቼ፣ ወንድሞቼ፣ እኔ የውለታ ነገር የገባኝ ያኔ ነው። እስከዚያ ድረስ ፖንጋል የጥጋብ በዓል ይመስለኝ ነበር።

ወተቱ ተጣደ። ያን ዓመት ላሞቹም ወተት አልነበራቸውም። ድስቱ ትልቅ ነው፣ ወተቱ ትንሽ። ፈላ፣ ግን ከድስቱ ወገብ በላይ አልወጣም። ልጆቹ በእግራቸው ጣት ቆመው ወደ ውስጥ ያያሉ። ማንም አይናገርም። የአያ ሚስት እሳቱን ጨመረች። አረፋው ትንሽ ከፍ አለና ተመለሰ።

ያኔ ከጎን ካለው ቤት አንዲት አሮጊት ወጡ። በእጃቸው በብረት ብርጭቆ የያዙት ወተት አለ። ለጠዋት ቡናቸው የቀረቻቸው መሆን አለባት። ምንም አላሉም። መጥተው ድስቱ ውስጥ ጨመሯትና ወደ ኋላ ቆሙ። ከዚያ ሌላዋ ሴት መጣች። ከዚያ አንድ ልጅ ሮጦ ሄዶ ከቤቱ ይዞ መጣ፤ ግማሹን መንገድ ላይ አፍስሶታል። አማ ከቦርሳዋ የከተማ የላስቲክ ወተት አወጣች። እኔም ሮጬ ከመንገዱ ዳር ሱቅ አንድ ላስቲክ ገዝቼ መጣሁ።

ወተቱ ተነሳ። የድስቱን አፍ ሲነካ ሁላችንም ትንፋሻችንን ያዝን። ያን ጊዜ ጨርቅ አላነሳሁም። እጆቼን ወደ ኋላ አጣምሬ ቆምኩ። ገነፈለ! በአንድ ጎን ብቻ፣ ቀጭን ሆኖ ወረደ። «ፖንጋሎ ፖንጋል!» ስንል ድምፃችን ካለፈው ዓመት የበለጠ ነበር።

አገሬ ከገባሁ ስምንት ዓመት ሆነኝ። አያ በሕይወት የለም። በሬዎቹንም ትራክተር ተክቷቸዋል። አማ አርጅታለች፣ ጆሮዋም ደክሟል። በየዓመቱ ጥር 6 ጠዋት እደውልላታለሁ። ዘንድሮም ደወልኩ። ሦስት ጊዜ ጮክ ብዬ «አማ፣ ፓል ፖንጊቻ?» አልኳት።

«ገነፈለ፣ ታምቢ» አለችኝ። «በምሥራቅ በኩል። ያንተስ?»

ስልኩን በትከሻዬ ይዤ ወደ ኩሽና ገባሁ። ልጄ ወንበር ላይ ቆማ ድስቱን ታያለች። ምድጃውን እንዳትነካ ነግሬያታለሁ። «አባዬ፣ እየመጣ ነው!» አለችኝ።

አመሰግናለሁ።